ክሎሪን ያለባቸው በካዮች ብረት ላይ ሲፈርሱ ምን ይፈጠራል? «ከውሃው ጠፋ» የሚለው ውጤት ለምን አይበቃም

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) ትራይክሎሮኤቲሊን የሚባለውን ኬሚካል ቀስ በቀስ ከሁሉም አገልግሎት የሚያስወጣ ሕግ አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከዛ ወዲህ አንዳንድ የሕጉ ክፍሎች ሥራ ላይ የሚውሉበት ቀን ሲራዘም ቢቆይም ዜናው ጥሩ ዜና ነው፣ ብዙ ሰው ለዓመታት የታገለለት ነገር ነው። ግን እገዳ የሚያስቆመው ከዚህ በኋላ የሚመረተውንና የሚሸጠውን ነው፣ እስከዛሬ መሬት ውስጥ የገባውን አይነካውም። ያ እዛው ተቀምጧል፣ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እየገባ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የገባውን እንዴት ነው የምናፈርሰው የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው መልስ አለ፤ ተራ ብረት። የሚዝገው፣ ከፋብሪካ ተፍቆ የሚወድቀው ብረት።

ኬሚካሉን ቲሲኢ ብለን እናሳጥረው። ሁለት ካርቦን በድርብ ቦንድ ተያይዘው ዙሪያቸውን ሶስት ክሎሪንና አንድ ሃይድሮጅን አለ፣ በቃ ይሄው ነው። ወንድሙ ፒሲኢ ደግሞ በሃይድሮጅኑ ቦታ አራተኛ ክሎሪን አለው። ቲሲኢ በፋብሪካ፣ በአውሮፕላን ጥገና፣ በወታደር ካምፕ ብረት ላይ ያለ ግራሶና ዘይት ማጠቢያ ነበር፣ ፒሲኢ የድራይ ክሊን ፈሳሽ ነው። የተወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅባት ያሟሟሉ፣ ቶሎ ይተናሉ፣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ እሳት አይዙም። ችግሩ ያለቀለት ፈሳሽ ለብዙ ዓመት ከህንፃ ጀርባ ሲደፋ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲፈስ፣ ከሚያንጠባጥብ በርሜል ሲወርድ መኖሩ ነው። ቲሲኢ ከውሃ ይከብዳል (አንድ ሊትሩ 1.46 ኪሎ ይመዝናል)፣ ስለዚህ እንደ ነዳጅ ውሃው ላይ አይንሳፈፍም፣ ውሃውን ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርድና የሸክላ አፈር ወይም አለት ላይ ሲደርስ ይቀመጣል፣ ስንጥቅ ካገኘም እዛ ውስጥ ይገባል።

የሚያስፈራው ሂሳቡ ነው። በአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ለቲሲኢ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ነው። አንድ ሊትር ቲሲኢ 1.46 ቢሊዮን ማይክሮግራም ስለሆነ ለ5 ሲካፈል 292 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ ለማድረስ ይበቃል፣ አንድ ሊትር ብቻ! በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ የሚሟሟው መጠን በሊትር አንድ ግራም አካባቢ ነው፣ ማለትም ለመርዝነት ከበቂ በላይ፣ ተሟሙቶ ቶሎ እንዲያልቅ ግን በጣም ትንሽ፣ ለዛ ነው አንድ ቦታ የፈሰሰ ነገር ለአስርት ዓመታት ውሃ ሲበክል የሚኖረው። ኖርዝ ካሮላይና ያለው ካምፕ ለጁን የሚባለው የባህር ኃይል እግረኛ ጦር ካምፕ ከ1953 እስከ 1987 ድረስ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ቲሲኢ፣ ፒሲኢና ሌሎችም ያሉበት ውሃ ሲጠጡ ነበር፣ የካሳ ክስ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ ሕግ የወጣው በ2022 ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቲሲኢን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በቡድን 1 ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

እስካሁን በብዛት የሚሠራበት ማጽጃ መንገድ ውሃውን በፓምፕ አውጥቶ አየር እየነፉ ማስተነን ወይም በአክቲቭ ካርቦን ማጣራት ነው። ይሄ ይሠራል፣ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ያድናል፣ ግን ቲሲኢው አልፈረሰም እኮ፣ ቦታ ነው የቀየረው፤ ወይ አየር ውስጥ ገባ ወይ ካርቦኑ ላይ ተቀመጠና ካርቦኑ ሌላ ቦታ ሄዶ መቃጠል አለበት። ፓምፑ ደግሞ ከታች ያለው ፈሳሽ እስኪያልቅ ድረስ ለዓመታት መሥራት አለበት፣ ሲቆም ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።

የማፍረስ ነገር ከተነሳ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እነዚህ ሞለኪውሎች ምን እንደሚጎድላቸው ነው። ክሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብ አቶም ነው፣ ሶስትና አራት ክሎሪን የተሸከመ ካርቦን ኤሌክትሮኑ ተስቦበት ስለተራቆተ ከሌላ ለመቀበል ዝግጁ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር ካገኘ የካርቦንና የክሎሪን ቦንድ ይበጠሳል፣ ክሎሪኑ ክሎራይድ ሆኖ ይወጣል፣ ክሎራይድ ደግሞ የምግብ ጨው ውስጥ ያለው ነው፣ በዚህ መጠን ጉዳት የለውም። ኤሌክትሮን መስጠት የሚወድ፣ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነገር ማነው ቢባል ብረት ነው። ብረት ሲዝግ የሚያደርገውም ይሄንኑ ነው፣ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጥና የብረት አዮን ሆኖ ይሟሟል፣ ቲሲኢ አጠገቡ ካለ ከኤሌክትሮኑ ቲሲኢውም ይደርሰዋል።

የተገኘበት ታሪክ ደስ ይላል። ብረታ ብረት ክሎሪን ያለባቸውን ፀረ ተባዮች እንደሚያፈርስ የሚያሳይ የአሜሪካ ፓተንት በ1972 ወጥቶ ነበር፣ ግን ለከርሰ ምድር ውሃ ብሎ የያዘው አልነበረም። በ1980ዎቹ ካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግሌን ሬይኖልድስ የሚባል ተማሪ ሲሠራ የነበረው ስለ ማጽዳት አልነበረም፣ የውሃ ናሙና የሚወሰድባቸው ቱቦዎችና ዕቃዎች ናሙናውን ያዛባሉ ወይ የሚለውን ነበር የሚመረምረው። ፕላስቲኮቹ ኬሚካሉን እንደሚመጥጡ ይጠበቅ ነበር፣ ብረቶቹ ዘንድ ያለው መቀነስ ግን በመምጠጥ የሚገለጽ አልሆነም፣ እየፈረሰ ነው የሚመስለው። አማካሪው ሮበርት ጊልሃም ይሄን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1991 ኦንታሪዮ ቦርደን የሚባለው የሙከራ ቦታ ላይ 22 በመቶ የብረት ፍቅፋቂና 78 በመቶ አሸዋ ቀላቅለው መሬት ውስጥ ግድግዳ ሠሩ፣ ውሃው በራሱ ፍሰት እንዲያልፍበት አደረጉ፣ ከቲሲኢው 90 በመቶ ከፒሲኢው 86 በመቶ የሚሆነው ተወገደ። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። ከዛ በ1990ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ሰኒቬል ላይ የመጀመሪያው የንግድ ሥራ ተሠራ፣ በ1996 ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ኤልዛቤት ሲቲ የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ቦታ ላይ 46 ሜትር የሚረዝም፣ 7 ሜትር ገደማ ጥልቀትና 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ግድግዳ ተቀበረ፣ ቲሲኢውንም፣ እዛው ውሃ ውስጥ የነበረውን ክሮሚየም የሚባል መርዛማ ብረትም አብሮ እንዲይዝ።

አሁን ወደ ብረቱ ገጽ ጠጋ እንበል፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዛ ነው። በ1994 ሌስሊ ማቲሰንና ፖል ትራትንየክ ኤሌክትሮኑ በየት በኩል ሊደርስ እንደሚችል ሶስት መንገድ አስቀመጡ፤ በቀጥታ ከብረቱ ገጽ፣ ከብረቱ ተሟሙቶ በወጣው የብረት አዮን፣ ወይም ብረቱ ከውሃ ጋር ሲሠራ በሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ። ዋናው የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። የተሟሟ የብረት አዮን ብቻውን በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ሥራውን የሚያፋጥንለት ነገር (ካታሊስት) ካላገኘ እንዲሁ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሪአክሽኑ የሚፈልገው ንክኪ ነው፣ ለዚህም ነው ፍጥነቱ የሚለካው ውሃው ውስጥ ባለው የብረት ኪሎ ሳይሆን በብረቱ የገጽ ስፋት ነው፣ በ1996 የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ውጤት በገጽ ስፋት ተካፍሎ ሲነፃፀር ነው የተበታተነው ቁጥር መልክ የያዘው።

ሞለኪውሉ መጥቶ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ድርብ ቦንዱ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ጋር ይያያዛሉ፣ ሞለኪውሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ገጹ ላይ ይተኛል፣ ክሎሪኖቹም ወደ ብረት አቶሞቹ ይጠጋሉ። ብረት ክሎሪንን አጥብቆ ይይዛል። ከብረቱ የሚመጣው ኤሌክትሮን የካርቦንና ክሎሪንን ቦንድ የሚያላላ ቦታ ውስጥ ይገባል፣ ቦንዱ ይረዝማል፣ ይበጠሳል፣ ክሎሪኑ ትንሽ ብረቱ ላይ ቆይቶ ክሎራይድ ሆኖ ወደ ውሃው ይሄዳል። ንጹህ ብረት ላይ ይሄ ቦንድ መበጠሱ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፣ በነፃው ሞለኪውል ላይ ግን ያንኑ ቦንድ ለመበጠስ በሞል ከ300 ኪሎጁል በላይ ያስፈልጋል፣ የገጹ ጥቅም ያለው እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ለኔ የጉዳዩ ሁሉ ዋና ነጥብ ነው። አንደኛው መንገድ ክሎሪን አንድ በአንድ ወጥቶ በቦታው ሃይድሮጅን የሚገባበት ነው፤ ፒሲኢ ቲሲኢ ይሆናል፣ ቲሲኢ ዳይክሎሮኤቲሊን (ዲሲኢ) ይሆናል፣ ያ ደግሞ ቪኒል ክሎራይድ ይሆናል፣ በመጨረሻ ክሎሪን የሌለው ጋዝ፣ ኤቲሊን። ሁለተኛው ሁለት ጎረቤት ካርቦኖች ላይ ያሉ ሁለት ክሎሪኖች አንድ ላይ የሚወጡበት ነው፣ ያኔ ካርቦኖቹ በሶስት ቦንድ ይያያዛሉና ከቲሲኢ ክሎሮአሴቲሊን ይወጣል፣ እሱ ራሱ ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ወደ አሴቲሊን፣ ከዛ ወደ ኤቲሊንና ኤቴን ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጤና ልዩነት ነው። ቪኒል ክሎራይድ ራሱ ቡድን 1 ካንሰር አምጪ ነው፣ የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ጣሪያው በሊትር 2 ማይክሮግራም ነው፣ ከቲሲኢው ራሱ ያነሰ! ብረቱ አንደኛውን መንገድ ብቻ ይከተል ቢሆን ኖሮ ቲሲኢ ጠፍቶ የባሰ ነገር የሚወጣበት ሥራ በሆነ ነበር።

ደግነቱ ብረት በብዛት የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። ዊልያም አርኖልድና ሊን ሮበርትስ በ2000 ባወጡት ሥራ ብረት ላይ ከቲሲኢ ሪአክሽን 97 በመቶው፣ ከፒሲኢ 87 በመቶው፣ ሲስ ከሚባለው ዲሲኢ 94 በመቶው በዚህ ሁለት ክሎሪን አብሮ በሚወጣበት መንገድ እንደሚያልፍ አሳዩ። በጣም ጥሩ ነው። ግን ቀሪውስ? ከቲሲኢው 3 በመቶ ወደ ሌላኛው መንገድ ከሄደ፣ ውሃው ውስጥ በሊትር 10,000 ማይክሮግራም ቲሲኢ ቢኖር፣ 3 በመቶው 300 ማይክሮግራም ነው፣ እሱ ወደ ዲሲኢ ሲቀየር ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስም የዲሲኢ ጣሪያ 70 ስለሆነ ከጣሪያው በላይ ነው። «97 በመቶ» ሲባል ያለቀ የሚመስለው ነገር አላለቀም ማለት ነው፣ የቀረችውም ብረቱ ላይ ቆይታ መፍረስ አለባት።

የመቆያ ጊዜ የሚለው ነገር እዚህ ይመጣል። እንበልና ውሃው መሬት ውስጥ በቀን 10 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ግድግዳው 60 ሳንቲ ውፍረት አለው፣ ስለዚህ ውሃው ብረቱ ውስጥ 6 ቀን ይቆያል። ቲሲኢው በ12 ሰዓት የሚጋመስ ከሆነ በ6 ቀን 12 ጊዜ ይጋመሳል፣ ከ4,000 አንድ ነው የሚቀረው፣ በሊትር 10,000 የነበረው ወደ 2.4 ይወርዳል። ቪኒል ክሎራይድ ግን ከቲሲኢ ይዘገያል፣ በ1 ቀን ነው የሚጋመሰው ብንል 6 ጊዜ ብቻ ነው የሚጋመሰው፣ ከ64 አንድ ይቀራል፣ 100 ይዞ የገባ ውሃ 1.6 ይዞ ሲወጣ ከጣሪያው በታች ነው፣ 200 ይዞ የገባው ግን 3.1 ይዞ ይወጣል፣ ወድቋል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ነው የወሰድኳቸው ግን ነገሩ እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ የግድግዳው ውፍረት የሚወሰነው ቶሎ በሚፈርሰው ሳይሆን በሚዘገየው ነው። ሪፖርት ላይ ስለ ቲሲኢ ብቻ የሚያወራ ሰው ግድግዳውን በጣም ቀላሉ ፈተና ነው የፈተነው።

ሌላ ብዙ የሚታለፍ ነገር አለ። ውሃ ውስጥ ያለ ብረት ገጽ ንጹህ ብረት አይደለም። የሚገዛው ፍቅፋቂ ሲመጣም ዝገት ለብሶ ነው፣ መሬት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ ዝገት እየተቀየረ ማግኔታይትና አረንጓዴ ዝገት የሚባሉት ይሆናል። ማግኔታይት ኤሌክትሮን ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ከታች ያለው ብረት ኤሌክትሮኑን በሽፋኑ በኩል አሳልፎ መስጠት ይችላል፣ ሽፋኑ የተሰነጠቀበትና የተበላበት ቦታም በቀጥታ ይሠራል። ግን ሽፋኑ ሁልጊዜ እንደዚህ ደግ አይደለም። ብረት ውሃን ሲያፈርስ ሃይድሮጅን ጋዝና ሃይድሮክሳይድ ይወጣል፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ 7 መካከለኛው ነው) ወደ 9 እና 10 ይወጣል፣ ያኔ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም በካርቦኔት መልክ ይረጋና ገጹንም ቀዳዳውንም ይደፍናል። ናይትሬት ያለበት ውሃ ከሆነ ደግሞ ናይትሬቱ ራሱ ኤሌክትሮኑን ይሻማል፣ የብረቱንም ገጽ ኤሌክትሮን ወደማያሳልፍ ኦክሳይድ ይለውጠዋል። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ብረት አንድ ቦታ ለብዙ ዓመት ሲሠራ ሌላ ቦታ ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው፣ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የውሃው ነው፣ የውሃውን ካርቦኔትና ናይትሬት ሳይለኩ ብረት መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው ብዬ ነው የማምነው።

ኤሌክትሮኑ ማን ዘንድ እንደሄደ የመቁጠር ነገር እኔን በጣም ይስበኛል። አንድ የቲሲኢ ሞለኪውል እስከ ኤቲሊን ለመድረስ 6 ኤሌክትሮን፣ እስከ ኤቴን 8 ይፈልጋል፣ አንድ የብረት አቶም 2 ይሰጣል። በክብደት ሲሰላ አንድ ኪሎ ቲሲኢ ለማፍረስ ከ1.3 እስከ 1.7 ኪሎ ብረት በቂ መሆን ነበረበት። በተግባር ግን መሬት ውስጥ የሚቀበረው ብረት በብዙ እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ኤሌክትሮን የሚሄደው ወደ ውሃው ነው፣ ውሃ በየቦታው አለ፣ ቲሲኢ ግን በሚሊግራምና በማይክሮግራም ነው ያለው። ይሄ ችግር በጣም የገነነው ናኖ ብረት ሲመጣ ነው። በ1997 ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዌይሺያን ዣንግና ባልደረባው በናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሚለካ የብረት ብናኝ ሠርተው ሲያሳዩ፣ ገጹ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሪአክሽኑም በጣም ፈጣን ነበር፣ በጉድጓድ ተገፍቶ ወደ መሬት የሚገባ መሆኑም ብዙ ሰው አጓጓ። ግን ብናኙ ከውሃው ጋርም እንደዛው ፈጣን ነው፣ ቲሲኢው ጋ ሳይደርስ በሳምንታትና በወራት ራሱን ይጨርሳል፣ ብናኞቹም ማግኔታዊ ስለሆኑ እርስ በርስ ተጣብቀው ከገቡበት ጉድጓድ ብዙ ሳይርቁ ይቀራሉ። ፍጥነት ብቻውን እንደማያዋጣ ያስተማረ ነገር ነው።

በቅርብ ዓመታት የመጣው መልስ ሰልፈር ነው። የብረቱን ገጽ በሰልፋይድ ሲያክሙት ላዩ ላይ አይረን ሰልፋይድ ይፈጠራል፣ ይሄ ሽፋን ኤሌክትሮን ያሳልፋል፣ ውሃን ግን ብዙ አይወድም፣ እንደ ቲሲኢ ያሉ ውሃ የሚሸሹ ሞለኪውሎች ግን ደህና አድርገው ያርፉበታል። ሃይድሮጅን አቶሞች ተጣምረው ጋዝ ሆነው የሚወጡበትንም ነገር ያቀዘቅዛል። ውጤቱ ኤሌክትሮኑ ከውሃው ይልቅ ወደ ቲሲኢው እንዲያዘነብል ማድረግ ነው፣ ብረቱም ዕድሜው ይረዝማል። የሚገርመው ሰልፋይድ ፓላዲየም ለሚባለው ውድ ብረት፣ ለሌላው የማፍረሻ ገጽ፣ መርዝ ነው፣ ለብረት ደግሞ እንደዚህ ጠቃሚ ሆነ።

ፓላዲየም ካልን እሱም ሌላ ዓለም ነው። ፓላዲየም ኤሌክትሮን ሰጥቶ አይዝግም፣ የሚያደርገው ሃይድሮጅን ጋዝን ሰንጥቆ ለየብቻ አቶም አድርጎ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ እነዛ አቶሞች በጣም ንቁ ናቸው፣ ቲሲኢ ሲያርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሶስቱንም ክሎሪን ያወጡና በአብዛኛው ኤቴን ሆኖ ይለቀቃል፣ ቪኒል ክሎራይድ ብዙም ሳይታይ። በ1995 ደግሞ ብረት ላይ ትንሽ ፓላዲየም ተቀብቶ ፒሲቢ የሚባሉትን (ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የነበሩ በካዮች)፣ የካርቦን ቀለበት ላይ የተሰካ ክሎሪን ያላቸውንና ለተራ ብረት በጣም የሚያስቸግሩትን፣ ክሎሪናቸውን ማስለቀቅ እንደሚችል ታየ። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ፓላዲየም አይጠቀምም? ዋጋው ውድ ነው፣ ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ደግሞ ገጹን ይይዝበትና ያቆመዋል፣ ሃይድሮጅኑም ከውጭ መቅረብ አለበት። ወርቅ ላይ ፓላዲየም ማልበስ ሥራውን በጣም ያፋጥነዋል፣ ሂውስተን ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክል ዎንግና ቡድኑ ብዙ የሠሩበት ነው፣ ግን ይሄ ከመሬት በላይ በታንክ ውስጥ ለሚታከም ውሃ እንጂ ለሚቀበር ግድግዳ አይመስለኝም።

ዚንክም መረሳት የለበትም። ኤሌክትሮን በመስጠት ከብረት ይበልጣል፣ ይሄ በቮልት ሲለካ ብረት ከዜሮ በታች 0.44፣ ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76 ነው፣ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር መስጠቱ ይበረታል። 1,2,3-ትራይክሎሮፕሮፔን የሚባል በካይ አለ፣ ካሊፎርኒያ በ2017 ጣሪያውን በሊትር 5 ናኖግራም ያደረገችው፣ ተራ ብረት እሱ ላይ የረባ ነገር አይሠራም፣ ዚንክ ግን ያፈርሰዋል። ዚንኩ ራሱ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ደግሞ በተራው መታሰብ ያለበት ነገር ነው።

ብረት የማይችላቸው አሉ፣ ይሄን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ዳይክሎሮሜቴንና 1,2-ዳይክሎሮኤቴን ብረት ላይ አይፈርሱም ማለት ይቻላል። ካርቦን ቴትራክሎራይድን እንይ፤ አራት ክሎሪን አለው፣ ብረት ላይ በጣም ቶሎ ነው የሚሄደው፣ ክሎሮፎርም ይሆናል፣ ክሎሮፎርሙ ቀስ ብሎ በከፊል ዳይክሎሮሜቴን ይሆናል፣ ከዛ ቆመ። የላብ ወረቀቱ ላይ «ካርቦን ቴትራክሎራይድ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል፣ እውነት ነው፣ አልተገኘም። ግን ግድግዳውን አልፎ የሚሄደው ዳይክሎሮሜቴን ካልተለካ ማንም አያውቀውም። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይም ብረት ላይ አንድ ክሎሪን ጥሎ ዲዲዲ ይሆናል፣ ዲዲዲም በካይ ነው።

አንድ ጠርሙስ ሙከራ ላይ ጠጋ ብለን ብናይ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ፣ ውስጡ የብረት ፍቅፋቂ፣ በሊትር 10 ሚሊግራም ቲሲኢ ያለበት ውሃ ጢም ብሎ የተሞላ፣ ከጎኑ ደግሞ ብረት የሌለው ተመሳሳይ ጠርሙስ፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ። በየሰዓቱ በመርፌ ትንሽ ውሃ እየተወሰደ ይለካል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብረት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ቲሲኢው በፍጥነት ሲወርድ ይታያል፣ ደስ ይላል። ግን ክሎራይዱ ሲለካ የሚገባውን ያህል አልወጣም። ለምን? የቲሲኢ ክብደት 81 በመቶው ክሎሪን ስለሆነ 10 ሚሊግራሙ በሙሉ ከፈረሰ 8.1 ሚሊግራም ክሎራይድ መታየት አለበት፣ የታየው ለምሳሌ 3 ከሆነ የቀረው የሆነ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። ፍቅፋቂው ብዙ ጊዜ የሚመጣበት ካስት አይረን ውስጥ ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን አለ፣ ግራፋይቱ ደግሞ ቲሲኢና ፒሲኢን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣቸዋል፣ ይሄ በ1990ዎቹ አጋማሽ በደንብ ታይቷል። ከውሃው ጠፋ እንጂ አልፈረሰም። ቀን በጨመረ ቁጥር ከግራፋይቱ እየወጣ ይፈርስና ክሎራይዱ ወደ 8.1 ይጠጋል፣ ኤቲሊንና ኤቴንም ይታያሉ፣ ያኔ ነው ሙከራው ያለቀው። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ላይ የቆመ ሰው ብረቱ ከሆነው በላይ ፈጣን መስሎት ቀጭን ግድግዳ ይሠራል።

መሬት ውስጥ ሲሆን የክሎራይድ ቆጠራው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ውሃው ራሱ ቀድሞ ብዙ ክሎራይድ ስላለው ጥቂት ሚሊግራም ተጨማሪው አይለይም። ለዛ ነው ኤቲሊን፣ ኤቴንና አሴቲሊን መለካት የሚያስፈልገው። በተለይ አሴቲሊን ጥሩ ምስክር ነው፣ ባክቴሪያ ቲሲኢን ሲያፈርስ አንድ በአንድ በሚለው መንገድ ስለሚሄድ አሴቲሊን አያወጣም፣ ስለዚህ አሴቲሊን ከታየ ሥራውን የሠራው የብረቱ ገጽ ነው። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ጠላት አይደሉም። ዲሃሎኮኮይድስ የሚባሉት ሃይድሮጅን እየበሉ ዲሲኢንና ቪኒል ክሎራይድን እስከ ኤቲሊን የሚያደርሱ ናቸው፣ ብረቱ ደግሞ ውሃን ሲያፈርስ ያባክናል ያልነው ሃይድሮጅን ለነሱ ምግብ ነው። ፒኤቹ ካልከበዳቸው ግድግዳውን አልፎ የወጣውን ትራፊ ከኋላ ሆነው ይጨርሱታል። ናሳ ፍሎሪዳ ኬፕ ካናቬራል ላይ፣ ሮኬት ማስወንጨፊያው አካባቢ በፈሰሰ ቲሲኢ ላይ የሞከረው ዘዴም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ናኖ ብረትና ውሃ በአትክልት ዘይት ጠብታ ውስጥ አድርገው ወደ መሬት ገፉት፣ ቲሲኢው ዘይት ስለሚወድ ወደ ጠብታው ይገባል፣ ውስጥ ብረቱ ያገኘዋል፣ ዘይቱ ደግሞ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ «በብረት ጸድቷል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ እዛ አካባቢ የሚኖር ሰውም ሆነ ተቆጣጣሪ መጠየቅ ያለበት የቲሲኢውን ቁጥር ብቻ አይደለም። ከግድግዳው በኋላ ባለው ጉድጓድ ዲሲኢና ቪኒል ክሎራይድ ስንት ናቸው? አሴቲሊንና ኤቲሊን ታይተዋል? ገና ከመጀመሪያው ውሃው ውስጥ ዳይክሎሮሜቴን ወይም 1,2-ዳይክሎሮኤቴን ነበረ ወይ፣ ካለስ ማን ነው የሚያፈርሰው? ፒኤቹና ካርቦኔቱ ከዓመት ዓመት እንዴት እየሄደ ነው፣ ውሃውስ አሁንም በግድግዳው ውስጥ ነው የሚያልፈው ወይስ ስለተደፈነ በጎን ዞሮ እየሄደ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለብቻው መልስ ይፈልጋል፣ ውሃው በጎን ከዞረ ግድግዳው ውስጥ ከተወሰደ ናሙና ላይ ሁሉም ቁጥር ቆንጆ ሆኖ ነው የሚታየው፣ የተበከለው ውሃ ግን ብረቱን ሳይነካ አልፎ ሄዷል፣ ይሄን የሚያሳየው በዋናነት በግድግዳው ጎንና ጎን በተቆፈሩ ጉድጓዶች የውሃውን ከፍታ መለካት ነው።